ልጄ ለአጎቷ የምትነግረው

ሰው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ በገዛ ወንድሙ ይቀናል ቢሉኝ ኖሮ፣ ተዉ እንጂ ቅናት የጎረምሳ በሽታ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ለካ በሽታው ዕድሜ አይጠይቅም። እኔን የያዘኝ ጥርሴ ካለቀ፣ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲያ ነው። ያውም በሀብት አይደለም፣ በማዕረግም አይደለም፤ በልጄ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ። ልጄ ሆድ ሲብሳት ለእኔ አትነግረኝም። የምትነግረው ለአጎቷ ነው።

እኔ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ሰው ደሴን የሚያውቃት ከላይ ነው፤ እኔ ከሥር ነው የማውቃት። የቱ ጋ ቱቦ እንዳለፈ፣ የቱ ጋ እንደተቀጠለ፣ የትኛው ቅጥል ክረምት ሲመጣ እንደሚያስቸግር፣ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ናት። ልጅ ሆኜ ቁርዓን ቀራሁ፣ ኋላ በመሠረተ ትምህርት አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያዝኩ። ይህንንም የምጽፈው በዚያችው ነው፣ ቀስ እያልኩ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ፋብሪካ ሠርቶ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ስድስት ዓመት ስለምበልጠው "አያ" ነው የሚለኝ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልወለዱም። ልጄ ደግሞ ነርስ ሆና ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች፣ እዚያው አገባች፣ ቤቷና የአጎቷ ቤት አንድ መንገድ ላይ ሆነ። እኔ ጋ ለመምጣት የሐረጎን ዳገት መውጣት አለባት። እሱ ጋ ለመሄድ ጫማ ማድረግ ይበቃታል። መጀመሪያ ላይ ነገሩን ሁሉ ለመንገዱ ርቀት ሰጥቼው ነበር።

የመንገዱ ነገር እንዳልሆነ ያወቅኩበትን ቀን አልረሳውም። ወንድሜ የጊቢዬ ቧንቧ አንጠባጠበ ብሎ ደወለልኝ። እኔ የሚያንጠባጥብ ነገር ሰምቼ መቀመጥ አልችልም፤ ዕቃዬን ይዤ በማግስቱ ወረድኩ። በሩ ላይ ስደርስ የልጄን ጫማ አየሁ፣ ያንን ለሥራ የምታደርገውን ነጩን። ከውስጥ ድምጿ ይሰማል። ትናገራለች፣ ታቆማለች፣ ደግሞ ትናገራለች። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ወንድሜ "እህ" ይላል። ትንሽ ቆይቶ "ከዚያስ?" ይላል። ሌላ ቃል አልወጣውም። የምትለውን አልሰማሁም፤ ለመስማት ጠጋ ማለቴን ግን አልክድም።

ኋላ አፈርኩና "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ ገባሁ። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን እሱ የተቀመጠበት መደብ ላይ አስደግፋለች። ዓይኗ አብጧል። እኔን ስታይ ተፈናጥራ ተነሳች።

"አባዬ፣ ደህና መጡ? መንገዱ እንዴት ነበር? እማዬ ደህና ናት?"

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም። ጉንፋን ነው።"

እጄን ሳመች፣ ውሃ አመጣችልኝ፣ እኔ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሥራ ይጠብቀኛል ብላ ነጠላዋን አነሳች። ስትወጣ ወደ አጎቷ ዞር ብላ "አንተ ደግሞ መድኃኒትህን እንዳትረሳ፣ መጥቼ አይሃለሁ" አለችው።

እኔ እርስዎ ነኝ፤ እሱ አንተ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ክብር ነው ብዬ ስኮራበት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን በእኔና በእሷ መሀል የቆመ አጥር መሰለኝ።

ቧንቧውን ልጠግን ጊቢ ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ አድርጌው የማላውቀውን፣ መፍቻውን ከልክ በላይ አጥብቄ የቧንቧውን ጥርስ በላሁት። ውሃው ደረቴ ላይ ፈነዳ።

"አያ፣ ቧንቧዋ ምን በደለችህ?" አለ ወንድሜ፣ ፎጣ ይዞ እየመጣ።

ቤቴ ተመልሼ ለሚስቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀናም አላለች።

"ጉንፋን ካለችህ ጉንፋን ነዋ።"

"ጉንፋን የያዘው ሰው 'ከዚያስ' እየተባለ ያወራል?"

"አንተ ሰውዬ፣ ቀንተሃል።"

"በማን?"

"በምትቀናበት።" ድንጋይ አግኝታ ወረወረች። "ይልቅ ለዚህ ደም ግፊትህ ወደ ልጅህ ውረድ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንቅልፍ ያጡትንና ግፊት ያለባቸውን ሰብስባ ትንፋሽ ታስተምራለች። ሐሳብ የሚያበርድ ነገር ነው አሉ።"

"ትንፋሽማ ስወለድ ያወቅኩት ነው።"

"ወንድምህ ቅዳሜ ሁሉ ይሄዳል።"

ይህን ስትለኝ ስለ ደም ግፊቴ በጣም አሰብኩ። በመጪው ቅዳሜ ወረድኩ።

ክፍሉ ሌላ ቀን የሕፃናት ክትባት የሚሰጥበት ነው። ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ለማይችል አግዳሚ ወንበር ተደርጎ፣ አሥራ ሁለት ያህል ሰው ተቀምጧል፤ የሚበዛው ሴት ነው። ከዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ወዲህ እንቅልፉን ያጣ ሰው ብዙ ነው። ልጄ ጋዋኗን አውልቃ ከፊታችን ተቀመጠች።

"ዓይናችሁን ጨፍኑ" አለች። "ትንፋሻችሁን አታስገድዱት። ሲገባ መግባቱን እወቁ፣ ሲወጣ መውጣቱን እወቁ። ሐሳብ ይመጣል፤ አትጣሉት። መጣህ በሉትና ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ። ሥራችን ይኼው ነው።"

ቀላል ይመስላል። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዴ ተነፈስኩ፣ ሁለቴ ተነፈስኩ፣ ወንድሜ ወደ ሐሳቤ መጣ። መጣህ አልኩት። እሱ ግን ቁጭ አለ። ወደ ትንፋሼ ብመለስ ተከትሎኝ መጣ። በመጨረሻ አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ አየሁት። እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ፊቱ ተፈትቶ፣ ጡት ጠብቶ እንደተኛ ሕፃን ተቀምጧል። እንዴት እንደዚያ ቶሎ ሆነለት? ሲጀመር ምን ሐሳብ አለው? አልኩ በልቤ። እኔ ጋ መጥቶ ሆዱን የሚነግረኝ የለም፣ እሱ ጋ ግን እየመጣች የምትነግረው አለች።

ቀጥላ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ አለችን። "የምትወዱት ሰው ተጨንቆ፣ አጥፍቶም ቢሆን፣ እናንተ ጋ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? ያንኑ ደግ ቃል አሁን ለራሳችሁ በሉት። በልባችሁ።"

እዚህ ላይ ክፍሉ በሙሉ ተቸገረ። እኛ አገር ምርቃት ከሌላ አፍ ነው የሚወጣው። አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ራሱን የመረቀ ሰው አይተን አናውቅም፤ ራሱን እንዳሞገሰ ሰው ነው የሚቆጠር። ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተቁነጠነጠ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ሰማንያ የዘለላቸው እናት ግን ነገሩን መሸከም አቃታቸውና መዳፋቸውን ዘርግተው ጮክ ብለው ጀመሩት።

"ያረቢ፣ ይቺን የደከመች አሮጊት አትርሳት።"

"አሚን" አለ ክፍሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

"ጉልበቷን መልስላት።"

"አሚን።"

"የምራቷን አፍ ያዝላት።"

"አሚን" አልንና ሁላችንም ሳቅን። ልጄም ሳቀች።

"እማማ፣ በልብዎ ነው ያልኩት።"

"ልጄ፣ በልቤማ ብል ማን አሚን ይለኛል?"

ሳቁ በረደና እንደገና ሞከርን። እኔ ለራሴ የምለው አጣሁ። ደግ ቃል ስፈልግ የሚመጣልኝ ሁሉ ለሌላ ሰው ነበር፤ ለልጄ፣ ለሚስቴ፣ ለሞቱት። ዓይኔን ስገልጥ የወንድሜ እንባ ዝም ብሎ ይወርዳል። ልጄ በመሀላችን ስታልፍ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። አንስታው አላለፈችም፤ ሰባት ትንፋሽ ያህል አቆየችው። ትንፋሽ መቁጠር የቻልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ "አባዬ፣ ተመቸዎት?" አለችኝ። "ተመችቶኛል" አልኩ። አለፈች።

ሐረጎን እየወጣሁ በመስኮት ወደ ገደሉ እያየሁ አንድ ነገር ወሰንኩ። በዚህ ትንፋሽ በሚሉት ነገር ወንድሜን እበልጠዋለሁ። ሳስበው ዛሬ ያስቀኛል፣ ያን ቀን ግን የምሬን ነበር።

ሥራ አደረግሁት። ሱብሂ ከሰገድኩ በኋላ በርጩማዬን ወደ ጦሳ ተራራ አዙሬ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ጭጋጉ እስኪገፈፍ እቀመጣለሁ።

"ሰግደህ አልጨረስክም እንዴ?" አለች ሚስቴ የመጀመሪያ ቀን።

"ጨርሻለሁ። ትንፋሼን እያወቅኩ ነው።"

"እስከዛሬ የማን መስሎህ ነበር?"

አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ሰዓቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምቀመጠው። በሦስተኛው ቅዳሜ ወንድሜን ቀስ ብዬ ጠየቅኩት።

"ስንት ደቂቃ ትቀመጣለህ?"

"እንጃ አያ፣ ሰዓት አላይም።"

"እኔ ሃያ አምስት ደርሻለሁ።"

"ማሻአላህ" አለ፣ ከልቡ። ከልቡ ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ልጄ ሳምንቱ እንዴት ነበር ብላ አንድ በአንድ ጠየቀችን። ወንድሜ "ሁለት ቀን አቃተኝ፤ የሚስቴ ነገር እየመጣብኝ ተነስቼ ተውኩት" አለ።

"ጎበዝ" አለችው። "አቃተኝ ብሎ ራስን አለመቆጣት፣ ዋናው እሱ ነው።"

ወደ እኔ ዞረች። "እኔ አንድ ቀን አላቋረጥኩም" አልኩ።

"ጥሩ ነው አባዬ።"

ላቃተው ጎበዝ፣ ላላቃተኝ ጥሩ ነው። ይህቺን እያመነዠክሁ ከጤና ጣቢያው ወጣሁ። ወንድሜ እንደልማዱ መናኸሪያ ድረስ ሊሸኘኝ አብሮኝ መጣ። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር፤ ጋቢዬን እሱ ነው የያዘልኝ። መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ።

"ምንድን ነው የምትነግርህ?"

"ማን?"

"ልጄ። ጉንፋን የምትለው ምንድን ነው?"

 "አያ፣ አማና ነው፣ አደራ ነው። የሷን ነገር ከሷ አፍ ብትሰማው ይሻላል።"

"እኔ አባቷ ነኝ።"

"ነህ፤ ማን አይደለህም አለ?"

"ታዲያ አባትየው በር ላይ የሚቆመው፣ አንተ ከውስጥ የምትሰማው በየትኛው ሕግ ነው?" አፌን ይቁረጠውና ቀጠልኩ። "የራስህን ብትወልድ ኖሮ የእኔን ባልተሻማኸኝ።"

ባጃጅ በመሀላችን መጥቶ ጥሩምባ ነፋብንና ወደ ዳር ወጣን። ወንድሜ ጋቢዬን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረው። ሲናገር ድምፁ አልጨመረም።

"ያን ጊዜ ልጅህ፣ ባሌ ሲቆጣ ሦስት ቀን አያናግረኝም ብላ የነገረችህን ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"በማግስቱ ምን አደረግክ?"

ያደረግኩትን አውቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። እኛ ዘንድ ያገባች ልጅ ለአባቷ አቤት ካለች ነገሩ ወሬ መሆኑ ያበቃል፤ ሸንጎ ይሆናል። ሰምቶ ዝም ያለ አባት ልጁን ሜዳ ላይ ጣላት ይባላል። ስለዚህ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ከባልየው ቤት ገብተው በአባቱና በእናቱ ፊት አስቁመው ጠየቁት። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲከፋው ዝም የሚል ሰው ነው። እርቅ ተባለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ እኔ ግዴታዬን ተወጣሁ ብዬ ተኛሁ። የሦስት ቀኑ ዝምታ ግን የዓመት ዝምታ እንደሆነባት አላወቅኩም።

"ባሏ ከሰው ፊት አስቆምሽኝ ብሎ ዓመት ሙሉ ዘግቷት ኖረ" አለ ወንድሜ። "አንተ ጋ መናገር ማለት እሷ ዘንድ ክስ መክፈት ነው፤ እኔ ጋ መናገር ማለት መናገር ነው። ሌላ ምንም አላደርግላትም እኮ አያ። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ በቃ። ... ልጅ አለመውለዴ እውነት ነው። የተሻማሁህ ነገር ግን የለም።"

ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አድርጎልኝ ተመለሰ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ የማንንም ፊት ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ከሱብሂ በኋላ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓቴን ቤት ተውኩት። ትንፋሼ ሲገባ የሚገባው ሐፍረት ነው፣ ሲወጣም የሚወጣው ያው ነው። ከሐፍረቱ ሥር ደግሞ ሌላው አለ። ነገሩ ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የወንድሜን ልብ ሰብሬ እንኳ፣ አሁንም እቀናበታለሁ። ይኼ ሀሰድ ነው፣ ወንጀል ነው፣ እያልኩ ራሴን ገረፍኩ። በገረፍኩት ቁጥር ቅናቱ ይብሳል። ጉድጓድ ውስጥ ቆመህ ከአናትህ በላይ የሚፈስ ቱቦን በእጅህ መድፈን ማለት ነው፤ በጣቶችህ መሀል ይወጣል።

ኋላ የልጄ አነጋገር ትዝ አለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ለራሴ የምለው አሁንም አልመጣልኝም። እናም ሌላ ሽማግሌ አሰብኩ። አብሮኝ ጉድጓድ የቆፈረ፣ አብሮኝ ያረጀ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሩን አንኳኩቶ ቢገባና "በወንድሜ ቀንቼ ክፉ ቃል ተናገርኩት" ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ውጣልኝ አልለውም። ተቀመጥ ነው የምለው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩት።

"ተቀመጥ አንተ ሰው። የቀናኸው ልጅህን ስለምትወዳት ነው። ሽማግሌም የላክኸው ስለምትወዳት ነው። አጥፍተሃል፤ ሄደህ አፉ በለኝ በለው። ያጠፋ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። አላህ ልብህን ያስፋልህ።"

"አሚን" አለ ድምፅ ከጓዳ። ሚስቴ ሰምታኝ ኖሯል። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ ወጥታም አላየችኝም። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብራኝ ስትኖር እንደዚያ የጠቀመችኝ ቀን ጥቂት ነው።

ቅናቱ ያን ቀን ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። አልለቀቀኝም። ግን እያየሁት መቀመጥ ቻልኩ።

ቅዳሜ ከትምህርቱ ቀደም ብዬ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ጊቢ ውስጥ ሸሚዙን እያሰጣ ነበር።

"አፉ በለኝ" አልኩት።

"አፉ ብየሃለሁ።" መቆንጠጫውን ከአፉ አወጣ። "ያንን የበላኸውን ቧንቧ ግን አፉ አላልኩም፤ ሌላ ሰው ጠርቼ ነው ያሠራሁት።"

"ማንን ጠራህ?"

"አይ፣ እሱንም ልትቀናበት ነው?"

አብረን ሄድን። ያን ቀን ልጄ ሳምንቱ እንዴት ነበር ስትል፣ ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። "እኔ ስቀመጥ የሚመጣብኝ ቅናት ነው። ደቂቃ የምቆጥረውም ለዚያ ነበር። አሁን ሲመጣ መጣህ እለዋለሁ፤ አይሄድም፣ ግን አይገፋኝም።"

"በማን ነው የሚቀኑት?" አሉኝ እኚያ ሰማንያ የዘለላቸው እናት።

"እሱ ይቆይ እማማ።"

"ሚስትዎ ቆንጆ ናት?"

ክፍሉ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ሰዉ ሲበተን ወንድሜ ጉዳይ አለኝ ብሎ ቶሎ ወጣ። ጉዳይ እንደሌለው አውቃለሁ። ልጄ መጥታ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ጎኔ ተቀመጠች።

"በማን ነው አባዬ?"

"በአጎትሽ።"

"በምኑ?"

"በአንቺ። ስታለቅሺ ሄደሽ የምትቀመጪው እሱ ጋ ስለሆነ።"

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ከውጭ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፣ አንዲት ሴት እሹሩሩ ትላለች።

"ብነግርዎ ምን ያደርጋሉ?" አለች።

ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ሁሉንም ዋጥኩት። "እንጃ" አልኩ። "ምንም ላላደርግ እሞክራለሁ።"

"ሽማግሌ?"

"አልልክም። እኔ አለሁ አይደል፣ አንድ ሽማግሌ ይበቃል።"

ፈገግ ልትል ብላ አልሆነላትም። ከዚያ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። አንዱ በሦስት ወሩ፣ አንዱ ስሙን ሁሉ ካሰቡለት በኋላ። ባሏ ዝም ይላል፤ የድሮው ዓይነት ዝምታ ግን አይደለም፣ አብሯት የሚቀመጥ ዝምታ ነው። የምትክትበው የሰው ሕፃን ነው፤ እጇ ሥራውን ይሠራል፣ ሆዷ ግን የወረዱባትን ይቆጥራል።

"አጎቴና ሚስቱ ይህንን አይተውታል" አለች። "ከእኔ ይበልጥ አይተውታል። ስለዚህ ነው እሱ ጋ የሄድኩት።"

መናኸሪያው መንገድ ላይ ለወንድሜ ያልኩት ቃል ተመልሶ መጣ። የራስህን ብትወልድ ኖሮ። ያንን ሰምቶ፣ የሷን ነገር በሆዱ ይዞ፣ አንዲት ቃል ሳያወጣ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ። አንድ ቃል ቢያወጣ አፌን ይዘጋልኝ ነበር፤ የሷን አማና አልሸጠም።

እጄ መሥራት ፈለገ። አዲስ አበባ ትልቅ ሐኪም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ገራዶ በኩል ዱዓቸው የሚሰማ ሼህ አሉ ይባላል፤ የባሏን እናት ማነጋገር ይቻላል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ መጣ። መጣህ፣ መጣህ፣ መጣህ አልኩ ለእያንዳንዱ። ሁለቱን እጆቼን ጭኔ መሀል ከትቼ ያዝኳቸው።

"እህ" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። የምጨምረው እንዳለ ጠበቀች። ምንም እንዳልጨመርኩ ስታውቅ ቀጠለች። ስለ ሁለተኛው ነገረችኝ፤ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ባሏ እጅ። እዚህ አልጽፈውም፤ አማና ነው።

"ማን ማን ያውቃል?" አልኳት።

"አጎቴ።"

"እናትሽስ?"

 "እማዬ ከመጀመሪያውም ታውቃለች" አለች።

ምስር የምትለቅመዋ። ጉንፋን ካለችህ ጉንፋን ነዋ ያለችኝ። ቅናቱ እንደገና ጎኔን ቆነጠጠኝ፤ ወላሂ አሁንም ቆነጠጠኝ፤ ከቤቱ ሁሉ መጨረሻ የሰማሁ እኔ ነኝ።  እጄን አንስቼ ደረቴ ላይ አደረግሁና ትንሽ ቆየሁ። ልጄ ያመመኝ መስሏት ደነገጠች።

"ግፊቱ ነው?"

"አይደለም። የኔው ነው፣ ያልፋል። አንቺ ንገሪኝ።"

ከውጭ ስሟን ጠሩ፤ በሽተኛ መጥቷል። ተነሳች፣ ጋዋኗን አጠለቀች፣ በሩ ድረስ ደረሰች። እዚያ ቆመች።

"አልጨረስኩም እኮ አባዬ" አለች። "ትንሽ ይጠብቁኛል? ወይስ መኪና ያመልጥዎታል?"

"አልቸኮልኩም" አልኳት።